ለሰርጉ ተነስታ ለመልሱ ደረሰች፦ «አንድ ላይ ነው» ከሚባል ቲኬት ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ ለልጅ ሰርግ፣ ለክርስትና ወይም ለምርቃት ወደ አውሮፓ ለምትሄዱ ነው። ቲኬት ሻጩ «ሁለት በረራ ቢሆንም አንድ ላይ ነው፣ ኢንሹራንስም አለው፣ አትስጉ» ካላችሁ ብሩን ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አክስቴ የመሐል ሜዳ ሰው ናት። ልጇ ጀርመን አገር ሲያገባ ቲኬቷን የቆረጠላት ደብረ ብርሃን የሚሰራ አንድ ኤጀንት ነው። ከአዲስ አበባ ሮም በአንድ አየር መንገድ፣ ከሮም ፍራንክፈርት በሌላ። ሁለቱን ወረቀት በስቴፕለር አያይዞ፣ በአንድ ፖስታ ከቶ ሰጣት። ሮም ስትደርስ የሁለተኛው አየር መንገድ ሰራተኞች አድማ መትተዋል። በረራዋ ከቀናት በፊት ተሰርዟል። መልእክቱም በጊዜው ተልኳል፤ ግን ወደ ኤጀንቱ ኢሜይል ነው የሄደው። እሱ ደግሞ ትንፍሽ አላለም። በርኖስ የታጨቀበት ሻንጣዋን እየጎተተች አየር ማረፊያ ወንበር ላይ አደረች። ለሰርጉ የተነሳች እናት ለመልሱ ደረሰች።

አድማውን ኤጀንቱ አልጠራውም፣ ልክ ነው። ግን ጣሊያን አገር የትራንስፖርት አድማ ዱብ ዕዳ አይደለም። በህጋቸው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መታወቅ አለበት፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩም ዝርዝሩን በድረ ገጹ ያወጣዋል። በአድማው ቀን እንኳ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ከምሽቱ ደግሞ ከ12 እስከ 3 ሰዓት የሚነሱ በረራዎች እንዲበሩ ጥበቃ አላቸው (የጣሊያን ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር)። ከጁላይ 27 እስከ ሴፕቴምበር 5 ደግሞ የአየር ትራንስፖርት አድማ ጭራሽ አይፈቀድም። ቲኬት መሸጥ እንጀራው የሆነ ሰው ይህን ማየት ነበረበት። ጀርመን ግን ሌላ ነው። እዚያ «የማስጠንቀቂያ አድማ» የሚሉት አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የሚነገረው። በ2025 እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን ቨርዲ የተባለው የሰራተኞች ማህበር በጠራው አድማ ከ10 በላይ የጀርመን አውሮፕላን ማረፊያዎች ስራቸው ተስተጓጉሏል።

ስለዚህ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። «ሻንጣዬን መጨረሻ ከተማ ላይ ነው የምረከበው ወይስ መሀል ላይ?» በሉት። መሀል ላይ አውጥታችሁ እንደገና የምታስረክቡ ከሆነ የያዛችሁት ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያየ ቲኬት ነው። የመጀመሪያው በረራ በአድማ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም። በአንድ ቲኬት ሲሆን ግን እስከ መጨረሻው ማድረስ የአየር መንገዱ ዕዳ ነው። ስቴፕለር ሁለት ቲኬት አንድ አያደርግም።

ከዚያ ስልክና ኢሜይል። የራሳችሁ ወይም እዚያ የሚጠብቃችሁ ልጅ አድራሻ መመዝገቡን እዚያው ቢሮ ውስጥ በዓይናችሁ እዩ። ክፍያው በማን ካርድ እንደተፈጸመም ጠይቁ፤ በረራው ሲሰረዝ ተመላሹ ብዙውን ጊዜ ወደተከፈለበት ካርድ ነው የሚሄደው። የአክስቴም ብር ወደ ኤጀንቱ ነው የተመለሰው። ለማስመለስ ስንት ጊዜ ቢሮው ደጃፍ እንደተቆመ እኛ ነን የምናውቀው።

ኢንሹራንሱስ? ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የህክምና ኢንሹራንስ ነው። ብትታመሙ ያሳክማችኋል፣ የባሰ ነገር ቢመጣ ወደ አገር ይመልሳችኋል። በአድማ ለቀረ ሰርግ ግን ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። «ሁሉን ይሸፍናል» ብሎ መሸጥ ውሸት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

መብታችሁንም እወቁ። ከአውሮፓ ህብረት አገር የሚነሳ በረራ የማንም አየር መንገድ ይሁን በህጋቸው ይዳኛል። ከአዲስ አበባ ስትነሱ ግን የሚሰራው አየር መንገዱ የአውሮፓ ህብረት አገር ከሆነ ብቻ ነው። በረራው ከተሰረዘ ወይ ብራችሁን ይመልሳሉ ወይ በሌላ በረራ ያደርሷችኋል፤ እስከዚያ ምግብና ማደሪያ የእነሱ ነው። አድማ የመቱት የራሱ የአየር መንገዱ ሰራተኞች ከሆኑ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሳም አለ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች አድማ ሲሆን ግን ካሳው ይቀራል፤ ምግቡና ማደሪያው አይቀርም። «መሰረዙን 14 ቀን ቀድመን ለኤጀንታችሁ ነግረናል፣ ስለዚህ ካሳ የለም» ቢሏችሁ አትቀበሉ። የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ወስኖበታል፤ ለተሳፋሪው ራሱ በጊዜው መነገሩን ማስረዳት ያለበት አየር መንገዱ ነው።

ኤጀንቶች ዓርብ ደርሳችሁ ቅዳሜ ሰርጉ ላይ እንድትገኙ አድርገው መቁረጥ ይወዳሉ። እንቢ በሉ። ቢያንስ ሁለት ቀን ይቅደም። የሰርጉ ልብስ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ከዚህም ቢሆን ወደ አዲስ አበባ በዋዜማው ውረዱ፤ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፣ ሚኒባሱ ግን ካልሞላ አይነሳም።

ካሳ «እናስመልስላችኋለን» የሚሉም አሉ፤ ከምታገኙት ላይ ጠቀም ያለ ድርሻ ይቆርጣሉ። ቅጹ እኮ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። የአክስቴ ልጅ ሶፋ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ነው የሞላው። ቲኬቱ፣ የመሰረዙ ማስታወቂያ ፎቶና የምግብ ደረሰኞቹ ከእጃችሁ ይኑሩ፤ የሚጠይቁት እነሱን ነው።