ወደ ወንጪ ለ«ደርሶ መልስ» ሙሉ ሂሳብ አትክፈሉ

ከወሊሶ ወደ ወንጪ በኮንትራት መኪና ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘቡን አስቀድማችሁ አትስጡ። እኔ ከፍዬ፣ እናቴን ይዤ ተራራ አናት ላይ ቀርቻለሁ። ከተመለስን ገና ሁለተኛ ቀናችን ነው። እማዬ እስካሁን ጉልበቷን በቅባት እያሸች ነው፤ እኔም ንዴቱ አልወጣልኝም።

እማዬን ወንጪ ያስመኛት ቴሌቪዥን ነው። ቦታው በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ከታቀፈ ጀምሮ፣ በኋላም በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ሲመርጠው፣ ሐይቁ በታየ ቁጥር «ደሴቷ ላይ ያለው ቂርቆስ ነው አይደል?» ትለኛለች። መኪና የለንም። አስጎብኚዎች የሚጠይቁት ዋጋም ከአቅማችን በላይ ነው። ስለዚህ በሕዝብ ትራንስፖርት ሄደን በዚያው ቀን ልንመለስ ተነሣን። ከአየር ጤና ማልደን ተሳፍረን፣ ሰበታን፣ ተፍኪንና ቱሉ ቦሎን አልፈን፣ ረፋዱ ላይ ወሊሶ ገባን። እስከዚህ ድረስ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ቀሪው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መኪና ተራው ጋ የሚቀበላችሁን ሰው ታውቁታላችሁ። ቦርሳችሁን ከእጃችሁ ይነጥቃል፣ «እህቴ» ሳይል ንግግሩን አይጨርስም። በተራ የሚጭነው ሚኒባስ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ነገረኝ። ቀጥሎ እማዬን አየና «እናታችን በዚህ ዕድሜያቸው ተጨናንቀው ይሂዱ?» አለ። ኮንትራቱ 4 ሺህ ብር ነው፤ መኪናው አፋፉ ድረስ ያደርሰናል፣ እስከ 9 ሰዓት ቆሞ ይጠብቀናል፣ መልሶ ወሊሶ ያመጣናል። ገንዘቡን በቴሌብር ለእርሱ እንድልክለት ጠየቀኝ። እማዬ የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አድርጋ «ግማሹን ስጪው ልጄ፣ ግማሹን ስንመለስ» አለችኝ። ሰምቻታለሁ። ሰውየውን ያላመንኩት እንዳይመስለው ብዬ ግን ሙሉውን ላክሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ወጥታ የገባች እናቴን ምክር ትቼ፣ ከዚያ በፊት አይቼው ለማላውቀው ደላላ ይሉኝታ ያዘኝ። ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው።

ወንጪ እንደተባለለት ነው፤ ያንን አልክድም። አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከዚያ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ግን፣ በጥንቱ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ሐይቁ ተኝቷል፤ ዙሪያውን እንሰትና የገብስ ማሳ፣ መሐሉ ላይ ደሴቲቱ። እማዬ ጫማዋን አወለቀች። «መውረዱን አልችለውም፤ እዚሁ ሆኜ ልሳለመው» ብላ ሦስት ጊዜ ሰገደች። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ታይ ጀመር። ድፎ ዳቦውንና ውሃውን በፌስታል መኪናው ውስጥ ትተነው ስለነበር ላመጣ ተነሣሁ። ሰዓቴ 6 ከ40 ይላል።

የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። በኋላው በር የድንች ጆንያ ይጫናል፣ ወንበሮቹ በሰው ተሞልተዋል። ረዳቱ አየኝ። ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው። እያየኝ ፌስታላችንን ከእማዬ ወንበር ላይ አነሣና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ አድርጎ አቧራው ላይ አስቀመጠው። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር፤ ቸኩሎ ነው እል ነበር። እርሱ ግን ተረጋግቶ ነው ያስቀመጠው፣ በየቀኑ እንደሚሠራው ሥራ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኩት።

«የእናንተ አልቋል።»

ደርሶ መልስ ከፍያለሁ ብዬ ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። በጣቱ ስሙን መታ መታ አደረገና «ይህ የእኔ ስም ነው? የሹፌሩ ነው? ለላክሽለት ሰው ንገሪው» አለኝ። ጠዋት እንደ ደላላው «እህቴ» ሲለኝ የነበረው ይኸው ረዳት ነው። ወደ ሹፌሩ መስኮት ዞሬ ለመንኩት። እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ከዚህ የሚመልሰን ሌላ መኪና እንደሌለን ነገርኩት። ፊቱን እንኳን አላዞረም፤ «ለእኛ የተሰጠን የመሄጃ ብቻ ነው» አለ። ረዳቱ በሩን እየሳበ «ሽርሽር የወጣ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?» ሲል የተሳፈሩት አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሄዱ።

አሠራሩ ገብቷችኋል። ገንዘቡ የሚላከው ለደላላው ስለሆነ ሹፌሩ «አላየሁም» ይላል፤ ደላላው ደግሞ «ከሹፌሩ ጋር ተነጋገሩ» ይላል። መጀመሪያ ስደውልለት አነሣ፤ «እህቴ፣ አይሰማም» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

የወንጪ ሰው እንደዚህ ነው ብላችሁ እንዳታስቡብኝ። ፈረስ የሚያከራዩ አንድ አባት ሁሉንም ቆመው አይተውት ነበር። እማዬን ፈረሳቸው ላይ አውጥተው፣ እርሳቸው በእግራቸው እየሳቡ መኪና እስከሚያልፍበት ድረስ ወሰዱን፤ ገንዘብ ስሰጣቸው እጄን መለሱት። ከሁለት ሰዓት ጥበቃ በኋላ እንጨት የጫነ አይሱዙ እማዬን ጋቢና፣ እኔን ከላይ አድርጎ 600 ብር ተቀበለን። ወሊሶ ስንደርስ መሽቷል፤ የአዲስ አበባ መኪና አልነበረም። አልጋ ይዘን አደርን። እማዬ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። «ብዬሽ ነበር» እንኳን አላለችም።

የምትሄዱ ከሆነ በተራ በሚጭነው ሚኒባስ ሂዱ፤ መመለሻ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ከመውረዳችሁ በፊት ጠይቁ። ኮንትራት ካስፈለጋችሁ ግማሹን ብቻ፣ ያውም ለሹፌሩ በእጁ ስጡ፤ ታርጋውንም ፎቶ አንሡ። ዕቃችሁን መኪና ውስጥ አትተዉ።

ዛሬ ጠዋት በጓደኛዬ ስልክ ደላላውን ደወልኩለት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ። ስለ ወንጪ መኪና ልጠይቅ ነበር አልኩት። «አለ እህቴ፣ ደርሶ መልስ ነው፤ ስንት ሰው ናችሁ?» አለኝ።