«የኦፓል ማሽን» እያሉ ለሚሸጡላችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ወገን፣ በተለይ ደሴና ወገል ጤና ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ቤታችሁ ውስጥ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ መቅረጽ የጀመራችሁ፣ ይሄን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትልኩ። ቴሌግራም ላይ «የኦፓል መሞረጃና ማለስለሻ፣ ሀገር ውስጥ የተሰራ፣ ከነሙሉ ዕቃው» ተብሎ የሚሸጥ ማሽን አለ። እኔ 38 ሺህ ብር ከፍዬበታለሁ። ፎቶው ያምራል፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ቪዲዮው ላይ ድንጋዩ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ቤት ገብቶ ሲፈታ ግን ጉዱ ሌላ ነው።

በቤት የተሰራ ማሽን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከውጭ የሚመጣው ከአብዛኞቻችን አቅም በላይ ነው፤ ጎበዝ በያጅና ጥሩ ቶርኖ ቤት ካገኛችሁ ደግሞ ከሱ የማያንስ ይወጣል። ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ገደማ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ስንቱ ልጅ እንደዚህ በተሰራ ማሽን ሙያውን ተማረ። የሚያናድደኝም ይሄው ነው፣ ገና ሊጀምር ላለ ልጅ፣ ተበድሮ ለሚገዛ ልጅ፣ ድንጋዩን የሚሰብርበት ዕቃ መሸጥ።

ሞተሩ የውሃ ፓምፕ ዲናሞ ነው። የፓምፑ ፊት ተቆርጦ ዊሉ፣ ድንጋዩን የሚሞርደው ክብ ነገር ማለቴ ነው፣ ቀጥታ ዘንጉ ላይ ታስሯል፣ ፑሊ የለ፣ ቺንጋ የለ። ላዩ ላይ «1 የፈረስ ጉልበት» የሚል ስቲከር አለ። ስቲከሩን በጥፍሬ ፍቄ ሳነሳው ከስሩ የፋብሪካው ጽሁፍ ወጣ፤ 0.5 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 2850 ዙር ይላል። ጉልበቱን እጥፍ አድርጎ መጻፉ ውሸት ነው፣ እሱን ይቅር ብንለውም ግን ድንጋዩን የሚጨርሰው ፍጥነቱ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ባለ 2 ፖል (የማግኔት ዋልታ) ሞተር በደቂቃ 2800 ምናምን ይዞራል፣ ባለ 4 ፖል ደግሞ 1400 ምናምን። 6 ኢንች ዊል በ2850 ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ ከ22 ሜትር በላይ ይሮጣል። ኦፓል ጥንካሬው በሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ነው፣ በዚያ ላይ ውስጡ ውሃ አለ። በዚያ ፍጥነት በደረቁ ከተነካ ወዲያው ይግላል፣ ከጋለ ይሰነጠቃል።

ውሃ ማንጠባጠቢያውስ የት አለ ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት። «የወሎ ኦፓል ውሃ ስለሚጠጣ በደረቁ ነው የሚሰራው» አለኝ። ይሄን አባባል ተጠንቀቁት፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ብዙ ሰው ያምነዋል። አዎ፣ የወሎ ኦፓል ውሃ ይስባል፤ ሲጠጣ እንደ መስታወት ይሆንና የቀለም ጨዋታው ለጊዜው ይጠፋል። ፀሐይ ላይ ሳታሰጡት፣ ማሞቂያ አጠገብ ሳታስቀምጡት፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። በደረቅ ሞርዳችሁ የሰነጠቃችሁት ድንጋይ ግን አይመለስም። ሳንባችሁንም አስቡት። ዛሬ ኦፓል የሞረደ ነገ በዚያው ማሽን አጌትና ኳርትዝ የሚባሉትን ድንጋዮች መሞረዱ አይቀርም፣ የነሱ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል፣ ሲሊኮሲስ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ውሃ ብናኙን ይይዘዋል። ያለ ውሃ የሚሰራ ማሽን ቤታችሁ አታስገቡ፣ ልጆች ካሉበት ቤት ደግሞ ጭራሽ።

ዊሎቹ አራት ናቸው፣ 80፣ 220፣ 600 እና 3000 ተብለው ተጽፎባቸዋል። የመስኮት ስባሪ ብርጭቆ አምጡና በየተራ አስነኩት፣ ከዚያ በአጉሊ መነጽር ጭረቱን እዩ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጭረቱ መቅጠን አለበት። የኔው «3000» የጫረው ከ220ው የሚለይ አልነበረም። የዊሉ ቀዳዳም ከዘንጉ ስለሚሰፋ ክፍተቱን በቆርቆሮ ጠቅልለው ሞልተውታል። ሲዞር ይዘላል፣ ድንጋዩን እየደበደበ ጠርዙን ይሸርፈዋል።

ማለስለሻ ተብሎ የመጣው አረንጓዴ ሳሙና የሚመስል ነገር ደግሞ የስቴንለስ ስቲል ማወልወያ ነው፣ ቅባት አለው። ውሃ የሚስብ ድንጋይ ቅባትና ቀለምም ይስባል። ነጭ ኦፓል ላይ ከነካችሁት መልኩን ያበላሻል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ መብራቱ ነው። ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) የለውም፣ ገመዱ ባለ ሁለት ነው። ሰክቼ የማሽኑን ብረት በፌዝ ቴስተር ስነካው የቴስተሩ መብራት በራ። እጁ ውሃ የነካ ሰው ይሄን ቢይዝ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ለሻጩ ስደውልለት መጀመሪያ «ወንድሜ፣ ሲሰራ በቪዲዮ አሳይቼሃለሁ» አለ፣ ቀጥሎ ብሎክ አደረገኝ። የአንድ ዓመት ዋስትና ያለው በአፍ ነው፣ ደረሰኝም አልሰጠም። ደረሰኝ ከሌለ ንግድ ቢሮ ብትሄዱም የምታሳዩት ነገር አይኖርም። የምትገዙ ከሆነ ሞተሩን ፈትቶ እንዲያሳያችሁ፣ ድንጋይ ይዛችሁ ሄዳችሁ በራሳችሁ እጅ እንድትሞክሩ ጠይቁ። እምቢ ካለ ውጡ።

እኔ ግን አሰሩት ነው የምላችሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ካላችሁ ያገለገለ ባለ 4 ፖል ግማሽ የፈረስ ጉልበት ሞተር አይጠፋም። የልብስ ማጠቢያ ሞተር ካርቦን ያለው ከሆነ አትግዙ፣ ያለ መቆጣጠሪያ ፍጥነቱ ልክ የለውም። ሁለት የተሸፈነ ኩሽኔታ ከነማቀፊያው፣ ለዊሉ ቀዳዳ ልክ ሆኖ ቶርኖ የተደረገ አንድ ወጥ ዘንግ፣ ሁለት ፑሊ፣ አንድ ቺንጋ። ሞተሩ 1425 ከሆነ ሞተሩ ላይ 60 ሚሊ፣ ዘንጉ ላይ 50 ሚሊ ፑሊ ስታደርጉ 1710 ዙር ይመጣል፣ ለ6 ኢንች ዊል በቂ ነው። ለውሃው ሃይላንድ ገልብጣችሁ በግሉኮስ ቱቦ ማንጠባጠብ ነው፣ መቆጣጠሪያዋም አብራ ስላለች ጠብታውን እንደፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ። ሞተሩን ከኋላ ከፍ አድርጋችሁ በላሜራ ከልሉት። ገንዘባችሁን ዊሉ ላይ አውጡ፣ እሱ ላይ አትቆጥቡ።

ያንን ሰማያዊ ማሽን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ አትጣሉት። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ኧርዝ ሳታስገቡና መብራት ሲያፈስ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ሳታስደርጉ አትሰኩት። ዊሉን ከሞተሩ ነቅላችሁ ወደ ሌላ ዘንግ አዙሩት፣ ሞተሩ ላይ 60፣ ዘንጉ ላይ 100 ሚሊ ፑሊ ከሆነ እሱም ወደ 1710 ይወርዳል። ውሃ ጨምሩለት፣ አረንጓዴውን ማለስለሻ አውጥታችሁ ጣሉት፣ በምትኩ ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለውን የማለስለሻ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ ቆዳ ላይ ተጠቀሙ።