ሶፋሽን አታስጭኚ ላሉኝ ሳጥን ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ሳጥናችን ካናዳ፣ ካልጋሪ ደረሰ። ልጆቹ አንተኛም ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ፤ አባታቸው በካቻቢቴ ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታ። በጋቢ የተጠቀለለው ጀበና አንገቱም ጆሮውም ሳይነካ ወጣ። የእናቴ መሶብ ክዳኗ አልተጣመመም። ከስድስቱ ሲኒ አንዱም አልተሰነጠቀም። ወዲያው ስልኬን አንስቼ ባህር ዳር ደወልኩ። እዚያ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሳጥኑን የሠሩልኝን ጋሼን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። “ተመስገን! ሳጥኑን እንዳትጥይው ልጄ፣ ለልጆቹ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይወጣዋል” አሉኝ። በስልክ አመስግኜ መተዉ አልበቃኝም፤ ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ደግሞ ከእኛ ከተማ ወደ ውጭ ለመሄድ ዕቃ እያያችሁ የምትጨነቁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

ባለቤቴ የሄደው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የእኔና የሁለቱ ልጆች ቪዛ ሲመጣ የሽምብጡ ቤታችን ሙሉ ነበር። እሱ በስልክ “ሁሉንም ሽጪውና ኑ” ይለኛል። እናቴ ደግሞ “ቤትሽን በትነሽማ አትሄጂም” ትለኛለች። እኔ በሁለቱ መሀል ሌሊት እየተነሳሁ ዕቃ እቆጥር ነበር። ሶፋው ቁጠባ ወጥቶ የተገዛ ነው፤ ፍሪጁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ምጣዱ አዲስ ነው። ይህን ሁሉ ትቼ ሄጄ እዚያ ከዜሮ ልጀምር ነው ወይ እያልኩ አለቅስ ነበር።

መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ አስጫኝ ነኝ ባይ ነበር። ዕቃውን ሳያይ በስልክ ዋጋ ነገረኝ፤ ቀብድ ጠየቀኝ፤ ከፈልኩት። በኋላ ስጠይቅ የነገረኝ ዋጋ እስከ ወደብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ካናዳ ወደብ ላይ የሚከፈለው የማራገፊያ፣ የጉምሩክ አስፈጻሚና ከወደብ እስከ ቤት የሚጓጓዝበት ሒሳብ አልገባበትም። ቀብዴ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። ከዚህ በኋላ ነው ጎረቤቴ “ቢያንስ ዕቃ ማሸግ የሚያውቅ ሰው ልጥራልሽ” ብላ ጋሼን ያመጣችልኝ።

ጋሼ አናጢ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሲያስተምሩ ቆይተው ወደ አገራቸው ለሚመለሱ የውጭ ሰዎች ዕቃ ሲያሽጉ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ሙያውን ያወቁት በዚያ ነው። የመጡ ቀን የያዙት ሜትርና ጠመኔ ብቻ ነበር። ቡና ጠጡ፤ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ምንጣፉን አስነሱኝና ሲሚንቶው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አሰመሩ። ሜትሩን ከጥጉ ወደ ላይ አንድ ሜትር ዘርግተው ትልቁን ልጄን “ያዝልኝ ጎበዝ” አሉት።

“ይሄ አንድ ሜትር ኩብ ነው። በመርከብ የምትከፍይው ለዚህ ቦታ ነው። ከአንድ ቶን እስካላለፈ ድረስ ጥጥ ሙዪው መጽሐፍ ሙዪው ሒሳቡ አንድ ነው። በይ አሁን ሶፋሽ እዚህ ይገባል?”

አይገባም። ሦስት ሰው የሚያስቀምጠውን ለኩት፤ ርዝመቱ 200፣ ወርዱ 90፣ ከፍታው 85 ሳንቲም ሜትር ነው። ብቻውን አንድ ሜትር ኩብ ተኩል አለፈ። በአውሮፕላን ልላከው ብል ደግሞ ሦስቱ ቁጥሮች ተባዝተው ለ6000 ይካፈላሉ፤ የሚወጣው ኪሎ ሚዛን ላይ ካለው ከበለጠ የሚከፈለው በእሱ ነው። በልጄ ደብተር ላይ አሰሉልኝ፤ 255 ኪሎ። ሶፋው በሚዛን 60 ኪሎ አይሞላም። “ልጄ፣ ወደ ሁለት መቶ ኪሎ የሚጠጋ አየር ጭነሽ ልትሄጂ ነው። ሳጥን ሥሩ ካልሽኝ እሠራለሁ፤ ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው። ግን አታስጭኚው” አሉኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። እኚህ ሰው የሚኖሩት ሳጥን ሠርተው ነው። የኔን ሶፋ፣ ቁም ሣጥን፣ አልጋና ቡፌ ቢያሽጉ የወር ገቢ ያገኙ ነበር። እኔም ለመክፈል ዝግጁ ነበርኩ። እሳቸው ግን ግማሽ ቀን ሙሉ የራሳቸውን ሥራ ሲቀንሱ ዋሉ።

ከሶፋው በኋላ ኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ መጡ። እያንዳንዱን ገልብጬ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳነብላቸው አደረጉኝ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ ይሄዳል፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር እንዲህ ነው፤ ሶኬቱ ስለማይገጥም አስማሚ ብቻ ይፈልጋል። 220 ብቻ የሚል ይቀራል። የካናዳ የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ ድግግሞሹም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ የእኛ 50 ሆኖ የእነሱ 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክል ድግግሞሹን አይለውጠውም፤ ስለዚህ እንደ ፍሪጅ ያለ ሞተር ያለው ዕቃ አያምርበትም። ምጣዴ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል፤ ያንን የሚሸከም ትራንስፎርመር ከምጣዱ ይከብዳል። ባለቤቴን ስንጠይቀው የተከራየው አፓርታማ ምድጃና ፍሪጅ አለው። ለካ እዚያ ብዙ የኪራይ ቤት ከእነዚህ ጋር ነው የሚከራየው። እኔ ስለ ፍሪጁ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ! ለእንጀራ ደግሞ ሐበሻው እዚህ የሚጠቀመው ቤታኒ የሚባለውን ክብ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ለኖርዌይ ቂጣ የተሠራ ነው፤ ስፋቱ 16 ኢንች፣ ማለትም 41 ሳንቲም ገደማ። ከእኛ ምጣድ ያንሳል፤ ዓይን ግን ያወጣል።

መንገዱንም ነገሩኝ። የእኛ ከተማ ከወደብ ሩቅ ናት፤ ካልጋሪም ወደብ የላትም። ዕቃው ከባህር ዳር ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ጂቡቲ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በመርከብ፣ ከዚያ እንደገና በባቡር ወይም በመኪና ነው የሚሄደው። ከ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወዲህ ብዙ መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው አፍሪካን ዞረው መሄድ መጀመራቸውን ሲነግሩኝ ደግሞ የቀረኝን ተስፋ ቆረጥኩ። ወራት ፈጅቶ ለሚደርስ ሶፋ ልጆቼ መሬት ሊቀመጡ ነው?

በመጨረሻ ሦስት ክምር ሆነ። ሶፋውን አዲስ የተጋቡ ጎረቤቶች ገዙት፤ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ለእድራችን ሰጠሁ፤ ምጣዱ ለእህቴ ሄደ። በሻንጣ የሚሄደው ልብስ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ የዘጌ ቡናና የልጆቹ የአማርኛ መጻሕፍት ሆነ። ሦስት ሰው ነን፤ ለአንድ ሰው 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ፣ በጠቅላላ 138 ኪሎ። ቋንጣ እንዳልይዝ ደጋግመው አስጠነቀቁኝ፤ ሥጋ ካናዳ አያስገቡም።

ለሳጥኑ የቀረው እዚያ በምንም ገንዘብ የማይገኘው ብቻ ነው። እናቴ ለሠርጌ የሰፋችው ትንሹ መሶብ፣ ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ሲኒዎቹ፣ ሁለት ጋቢ፣ ፎቶዎች። ጋሼ መሶቡን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስቀመጡት፤ ስንደዶው መሀል የተሰገሰገውን አቧራና ፍርፋሪ በጥርስ ብሩሽ ጠረጉት፤ አፈርና ነፍሳት ያለበት ነገር ጉምሩክ ላይ ችግር ነው ብለው። ከዚያ ሆዱን በልጆቹ ሹራብ ሞሉት። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ካልሲ ውስጥ ከትተው ክዳኑ ሥር ደረደሯቸው። የጀበናውን ሆድ በጨርቅ ጠቅጥቀው ጋቢ ውስጥ ጠቀለሉት። ጭድ አልተጠቀሙም፤ የሚከለከል ነገር ሳጥን ውስጥ አይገባም።

ሳጥኑን የሠሩት በኮምፔንሳቶ ነው። እኔ ጠንካራ ይሁን ብዬ ጣውላ ልገዛ ነበር። ወደ ውጭ የሚሄድ ጥሬ እንጨት ግን ልቡ ድረስ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ አግኝቶ የስንዴ ዛላ ያለበት ማኅተም ካልተመታበት ሊመለስ ይችላል። ኮምፔንሳቶ ከዚህ ደንብ ነፃ ነው። ጥጎቹን እንኳ በጣውላ አልደገፉም፤ ኮምፔንሳቶውን ደርበው ነው ያጠነከሩት። ከውጭ 80 በ60 በ50 ሳንቲም ሜትር ነው፤ በዚያ በአውሮፕላን ስሌት 40 ኪሎ። ሚዛን ላይ ስናወጣው 38 ኪሎ መጣ። ጋሼ ሚዛኑን አይተው ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ እሳቸው ባይኖሩ አላውቅም ነበር። አንደኛው የአያቴ ዳዊት ነው። ብራና ነው፤ ሻንጣዬ ውስጥ ልከተው ነበር። “እንዳትነኪው” አሉኝ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ቦሌ ላይ ያስይዝሻል አሉኝ። ወንድሜ ጋ ቀረ፤ ደግሞም ቦታው እዚያው ጣና ዳር ነው። ሁለተኛው ዝርዝሩ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ ከግምት ዋጋው ጋር በቁጥር አስጻፉኝ። አየር ማረፊያ የደረስኩ ቀን ለድንበር ሠራተኛዋ ኋላ የሚመጣ ዕቃ አለኝ ብዬ ያንን ሰጠኋት፤ ቅጹ ላይ ማኅተም መታችልኝ። ሳጥኑ ሲደርስ ቀረጥ አልተጠየቅንም። መጀመሪያ ስትገቡ ያላስመዘገባችሁት ዕቃ በኋላ ቀረጥ ሊያስከፍላችሁ ይችላል፤ ይህን አትርሱ።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ። አራት ቀን ያሉኝ ሳጥን ሳምንት ፈጀ፤ ስለዚህ ከበረራችሁ ቢያንስ ወር ቀደም ብላችሁ ጥሯቸው። ሙቀጫዬንም “ይቅር፣ ይከብዳል” ብለውኝ ትቼው መጣሁ። በዚህ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማሁም፤ እዚህ የገዛሁት የድንጋይ ሙቀጫ ኮረሪማውን በወጉ አይወቅጥልኝም።

የተቀበሉኝ የሳጥኑን ብቻ ነው። ለምክሩ፣ ለልኬቱ፣ ለግማሽ ቀኑ ብዬ ብር ብጨምር እጄን መለሱት። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ልጆችዎ ይባረኩ።

ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ እዚህ አልጽፈውም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። እሑድና በየወሩ በ23 ለጊዮርጊስ አይሠሩም። ሲመጡ ምንጣፉን አንስታችሁ ወለሉን ጠርጋችሁ ጠብቋቸው፣ ጠመኔው እንዲይዝላቸው።