የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለፊት፦ የቱን እንግዛ?

ያለ ሙቀት የተጨመቀ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለደረቅ ቆዳ ጥሩ ምርጫ ነው። ግን «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ስላዩ ብቻ አይግዙ፤ ጠርሙሱን አዙረው የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ። ይዘቶች የሚጻፉት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሆነ፣ ከ«ኒጄላ ሳቲቫ» (የጥቁር አዝሙድ ሳይንሳዊ ስም) በፊት የሱፍ ዘይት ከመጣ የሚከፍሉት በአብዛኛው ለሱፍ ነው። «ፓርፉም» (ሽቶ) የሚል ካለበት ደግሞ ቆዳው ቶሎ ለሚቆጣ ሰው አይሆንም።

ንጹሁ ዘይት ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ሽታውም ይሰነፍጣል። ነጣ ብሎ ሽታ ከሌለው ተጣርቷል ወይም ተበርዟል ብሎ መጠርጠር ነው። ብርሃን ስለሚያበላሸው ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ የሚሸጠውን ይተዉት፤ ጠቆር ያለ ጠርሙስ ይሻላል።

ፊትዎን ከመቀባትዎ በፊት ክንድዎ ላይ በውስጥ በኩል አንድ ጠብታ ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። ይህን በፍጹም አይዝለሉ፤ ዘይቱ አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ የቆዳ አለርጂ ያስነሳል። ካላሳከከና ካልቀላ፣ ማታ ታጥበው ፊትዎ ገና እርጥብ ሳለ 2 ወይም 3 ጠብታ ይበቃል። ዘይት ያለውን እርጥበት ይይዛል እንጂ አዲስ አይጨምርም፤ በደረቅ ፊት ላይ ከቀቡት ላዩ ያብረቀርቃል፣ ቆዳው ግን እንደተወጠረ ያድራል። ከፀሐይም አይከላከልም፤ ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያስፈልጋል።