ሀዋሳ ላይ ቀዘፋ መማር ለምትፈልጉ፣ እምቢ የሚል ጀልበኛ አለላችሁ

ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም ግን እህቴ ትናንት ደውላ "ለጋሼ እስካሁን አንድ መስመር እንኳን ሳትጽፊለት?" ብላ ጮኸችብኝ (ጋሼ ቀዘፋ ያስተማረን ጀልበኛ ነው)፣ እውነቷን ነው፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ እንግሊዝ ነው የምትኖረው፣ ሆስፒታል ውስጥ ትሰራለች፣ ከስራ ባልደረቦቿ ጋር ሆነው ለህጻናት ህክምና ብር ለማሰባሰብ ኢንግሊሽ ቻናልን (እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባህር) በጀልባ ሊሻገሩ ተመዘገቡ። በሞተር እንዳይመስላችሁ፣ በእጅ ቀዝፈው። እንግሊዝ ካለችው ዶቨር ተነስቶ እስከ ፈረንሳይ፣ ጠባቡ ቦታ ራሱ 33 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ያውም እነዛ ኮንቴነር የጫኑ ፎቅ የሚያካክሉ መርከቦች ወዲህ ወዲያ በሚሉበት ባህር። ከቡድኑ ደግሞ ከዛ በፊት መቅዘፊያ የያዘ አንድም ሰው የለም። እህቴማ ዋና ራሱ የቻለችው እዛ ከሄደች በኋላ ነው፣ ሐይቅ ዳር አድገን (እማዬ ውሃ አጠገብ እንዳላያችሁ እያለች ነው ያሳደገችን፣ አልፈርድባትም)።

ልምምዱ መሀል ላይ ታዲያ የአባታችን ተዝካር ደረሰና ለአንድ ወር መጣች። አሰልጣኛቸው ወር ሙሉ ካልቀዘፍሽ ከቡድኑ ወደ ኋላ ትቀሪያለሽ ብሏታል። ጂም ለጂም ዞረን የመቅዘፊያ ማሽን ፈለግን፣ ያገኘነው አንድ ነው እሱም ተበላሽቶ ልብስ ተሰቅሎበታል። በመጨረሻ እኔ ነኝ "አንቺ ሴት ሐይቁ እዚህ ተዘርግቶልሽ ማሽን ትፈልጊያለሽ?" ያልኳት። ብቻዋን አይሆንም ተብሎ እኔና ሁለት የአክስቴ ልጆች አብረን ገባንበት፣ ሶስታችንም ስለ ቀዘፋ ባዶ።

የመጀመሪያውን ቀን ባላወራው ደስ ይለኛል ግን ለትምህርት ይሁን። ሐይቁ ዳር ያገኘነውን አንድ ጀልበኛ (ማን እንደሆነ ይቅር) አናገርን፣ ከሰዓት ወደ 9 ሰዓት ነው፣ ላይፍ ጃኬት ስንለው "ምን ያደርግላችኋል እኔ እያለሁ" አለን፣ እኛም ጅሎቹ ገባን። መሀል ስንደርስ ነፋሱ ተነሳ፣ ውሃው በጎን ወደ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ስልክ ያወራል፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ በጫማዬ ውሃ እየጨለፍኩ ወደ ውጪ እደፋለሁ። እንዴት እንደወጣን እግዜር ነው የሚያውቀው። ለእማዬ እስከዛሬ አልነገርናትም።

በማግስቱ አሞራ ገደል አሳ ልንበላ ሄደን (ሲደነግጡ መብላት የኛ ቤት ልማድ ነው) አሳ የምትጠብሰዋ ልጅ ወሬያችንን ሰምታ "መቅዘፍ ከሆነ የምትፈልጉት እዛ መረብ የሚጠግነውን ሽማግሌ አናግሩት" አለችን። ጋሼ ማለት እሱ ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ ጋሼ ብቻ ልበለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቆሮሶና አምባዛ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው፣ ባህር የሚባል በአይኑ አይቶ አያውቅም፣ እህቴ ነገሩን ስታስረዳው ዝም ብሎ ሰማትና "እጅሽን አምጪ" አለ፣ መዳፏን አየት አደረገና "ገና ነሽ" ብሎ ወደ መረቡ ተመለሰ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ኑ አለን ጀርባውን ሰጥቶ።

12 ሰዓት ደረስን። ጀልባዋን ግማሽ ድረስ ወደ ደረቅ ጎትቶ ውስጧ አስቀመጠንና አየር ላይ አስቀዘፈን። አንድ ሰዓት ተኩል! አሳ አጥማጁ፣ ሊስትሮው፣ እንትፍ እንትፍ እያለ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያየናል፣ አባ ኮዳዎቹ ሳይቀሩ ተሰልፈው የሚስቁብን ነው የሚመስለው። ሂሳብ ልንሰጠው ስንል "ውሃ መች ነካችሁ" ብሎ አልቀበልም አለ።

ሁለተኛው ቀን ነው ውሃ ላይ የወጣነው፣ ሁለት ሁለት እየሆንን እየተቀያየርን፣ እሱ ከኋላ ይመራል። እኔ ቀዘፋ የክንድ ስራ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የእግር ነው። መርገጫ እንዲሆነን ጀልባዋ ወለል ላይ አንድ ቁራጭ ጣውላ መታልንና በሱ ላይ እግራችሁን ግፉ፣ ከዛ ወገብ፣ እጅ መጨረሻ ነው አለን። ስንመለስ ደግሞ በተቃራኒው፣ መጀመሪያ እጅ ይዘረጋል። ሲቆጥርልን አንድ ሁለት አይልም፣ "እግር፣ ወገብ፣ እጅ" ነው የሚለው፣ አሁን ሌሊት በህልሜ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ጉልበት ያሳየሁ መስሎኝ መቅዘፊያውን ወደ ታች እሰደው ነበር፣ እጀታው ዞሮ ደረቴን መታኝና ወደ ኋላ ተዘርሬ የአክስቴ ልጅ ጉልበት ላይ አረፍኩ። ጋሼ ሳይስቅ "ውሃ ይልበስ እንጂ አይቀበር" አለኝ። በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ ገባኝ፣ የመቅዘፊያው ምላስ ውሃ ውስጥ ልክ ሲሸፈን ነው ጀልባዋ የምትሄደው፣ ከዛ በላይ ከገባ ድካም ብቻ ነው።

እህቴ የእንግሊዙ ጀልባ መቀመጫው እንደሚንሸራተት፣ የሱ ደግሞ ድፍን ጣውላ እንደሆነ ስትነግረው ትንሽ አሰበና "በድፍኑ ከቻልሽ በተንሸራታቹ ትበሪያለሽ" አላት። ሌላ ቀን ደግሞ ባህሩ ለስድስት ሰዓት ያህል ወደ አንድ በኩል ይፈስና ዞሮ ወደ ሌላው ይፈሳል ስትለው በጣም ነው የገረመው፣ "የኛማ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባለታል እንጂ መውጫ እንኳን የለው" ብሎ ቆይቶ ቆይቶ ብቻውን ሳቀ።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄ ሰው ሁለት ቀን መልሶናል። አንዱን ቀን እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ እሱ ግን ማዶውን እያየ "ውሃው ጠቁሯል፣ ነፋሱ እየመጣ ነው" አለ። እህቴ የቀራት አምስት ቀን ነበርና ተናደደች፣ ጋሼ እኔ እኮ የምሄደው ማዕበል ውስጥ ነው፣ ማዕበል መልመድ አለብኝ ብላ ተከራከረች። "እዛ አጃቢ ጀልባ ይከተለናል አላልሽኝም?" አላት። አዎ አለች። "እዚህ የሚከተልሽ የለም የኔ ልጅ፣ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔም አርጅቻለሁ።" ሄዳ ባጃጅ ውስጥ አኩርፋ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ነጭ በነጭ ሆነ፣ ቀድመው የወጡት አሳ አጥማጆች እየተጣደፉ ሲገቡ አየን። የዛን ቀንም ሂሳብ አልተቀበለም። ደንበኛን መልሶ ገቢውን የሚያጣ ሰው ዘንድሮ ከየት ይገኛል?

ጉድለቱንም ልናገር፣ ማሞገስ ብቻ እንዳይሆን። ወሬ አያበዛም፣ ሲገስጽ ደግሞ ሰው አይመርጥም፣ አስር ደቂቃ ካረፈዳችሁ ጥሏችሁ መረቡን ሊያነሳ ይሄዳል (አንዴ ደርሶብናል)። ጀልባዋ አሮጌ ናት፣ ትንሽ ታፈሳለች፣ መጨለፊያ ጆክ ግን ሁሌም አለ። ላይፍ ጃኬቶቹ ቀለማቸው ለቋል፣ ማሰሪያቸውን ግን አንድ በአንድ ጎትቶ ካላየ አትነሱም። ስልክ አያነሳም። ሳር ወዳለበት ዳርቻ ደግሞ ምንም ብትለምኑት በጠዋት አይወስዳችሁም፣ ጉማሬዎቹ ሌሊት ሲግጡ አድረው ወደ ውሃ የሚመለሱበት ሰዓት ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ተንሳፎ ካያችሁ የሰው መረብ ነውና በላዩ እንዳትሄዱ፣ አንዴ ሄደንበት የሰማነውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

እነ እህቴ ባለፈው ቅዳሜ ተሻገሩ! ስድስት ሰዓት ከምናምን ፈጀባቸው። ቀዘፋው አላስቸገረኝም አለች፣ ያስቸገራት ማስመለሱ ነው፣ መሀል ላይ ጀምሯት እስከ ፈረንሳይ አልለቀቃትም፣ እያስመለሳት ስትቀዝፍ ነው የደረሰችው። እሁድ ጠዋት ሄጄ ለጋሼ ነገርኩት። መረቡን አስቀምጦ "ደረሰች?" አለ፣ ደረሰች አልኩት። ማስመለሱን ስነግረው "እሱን እኔ አላስተማርኳትም" አለኝ።

ማግኘት የምትፈልጉ አሞራ ገደል ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሂዱና ቀዘፋ የሚያስተምረው ሽማግሌ በሏቸው፣ አሳ ጠባሾቹ ያሳዩዋችኋል። ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ነው የሚነግራችሁ፣ ስትወጡ የሚጨምር ነገር የለም። ኮፍያ ያዙ፣ ጥላ የለም። ጓንት ግን እንዳትገዙ፣ ያስወልቃችኋል፣ እኔ የገዛሁት እስካሁን ሳይፈታ ቤት አለ፣ የሚፈልግ ካለ ልስጠው።