የፈረንሳይና የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕጎች ከደብረ ብርሃን ሲታዩ

በደብረ ብርሃን ለውጭ ገበያ ልብስ የምትሰፋ ሠራተኛ መብቷ ሲጣስ፣ ትልቁ ገዢ ኩባንያ የፈረንሳይ ወይም የጀርመን መሆኑ ለውጥ ያመጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ሕግ፣ በአገር ውስጥ ቢያንስ 5,000 ወይም በዓለም ዙሪያ 10,000 ሠራተኞች ያሏቸው ኩባንያዎች የጥንቃቄ ዕቅድ፣ ማለትም በራሳቸውም ሆነ በአቅራቢዎቻቸው ሥራ የሰዎች መብት እንዳይጣስ የሚከላከሉበትን ዕቅድ፣ አውጥተው እንዲተገብሩ ያዛል፤ ይህን ባለመፈጸማቸው የተጎዳ ሰውም በፍርድ ቤት ካሳ መጠየቅ ይችላል። ሆኖም የማስረዳት ሸክሙ፣ ማለትም ጥፋቱንና ጉዳቱን በማስረጃ የማሳየት ግዴታው፣ የከሳሹ በመሆኑ፣ ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ፓሪስ ላይ ለሚከራከር ሰው መንገዱ እጅግ ከባድ ነው።

ከ2023 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን ሕግ ኩባንያዎች የአቤቱታ መቀበያ ሥርዓት እንዲዘረጉ ያስገድዳል፤ አዲስ የካሳ መብት ግን አልሰጠም፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚጥለው መቀጮም ለተጎዳችው አይደርሳትም። ስለዚህ፣ የማስረዳት ሸክሙ እንዲቀል ከተደረገ፣ የፈረንሳዩን እመርጣለሁ።