ከቤጂንግ እስከ ሺጋትሴ በትንሽ ቡድን፦ የቻይናና የቲቤት ቅርስ ጉዞ ሲመዘን

አስጎብኚ ድርጅቶች «የቻይናና የቲቤት ቅርስ» ብለው የሚሸጡት የሁለት ሳምንት ጉዞ መንገዱ ተመሳሳይ ነው፦ ቤጂንግ ሦስት ሌሊት፣ ሺአን ሁለት፣ ሺኒንግ አንድ ወይም ሁለት፣ ባቡር ላይ አንድ ሌሊት፣ ላሳ ሦስት ወይም አራት፣ ከዚያ ጊያንትሴና ሺጋትሴ። ልዩነቱ የሚመጣው ከቡድኑ ቁጥር፣ ከቀኖቹ አደራደርና ቲቤት ላይ ከሚመደበው አስጎብኚ ነው። «ትንሽ ቡድን» የሚለው ቃል ዋጋውን ጥሩ አድርጎ ያስወድደዋል። ጭማሪው አንዳንድ ቦታ ላይ በከንቱ የሚፈስ ገንዘብ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ እሱ ባይኖር ጉዞው ዋጋ የለውም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤጂንግ ላይ የቡድኑ ትንሽነት ብዙም አይጠቅምም። በ1420 ተሠርቶ ያለቀው የተከለከለው ከተማ አደባባዮቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ስምንት ሰውም ሃያ ሰውም የሚያየው ያንኑ ነው። እዚህ የሚበላሸው ትኬቱ ነው። መግቢያው በፓስፖርት ቁጥር ይመዘገባል፣ የሚለቀቀው ከሰባት ቀን በፊት ነው፣ ቶሎም ያልቃል፤ ሰኞ ደግሞ ግቢው ዝግ ነው። እሑድ ገብቶ ማክሰኞ ወደ ሺአን የሚነሣ መርሐ ግብር ካያችሁ ያዘጋጀው ሰው ካላንደር አላየም ማለት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል ይላክ። ፓስፖርት ማደስ ያሰበም ከመመዝገቡ በፊት ያድስ፤ ቁጥሩ ሲቀየር ትኬቱም የቲቤት መግቢያ ፈቃዱም ዋጋ ያጣሉ።

ብዙ መርሐ ግብሮች የሚዘሉት ወይም አርባ ደቂቃ ብቻ የሚሰጡት ዮንግሄ ቤተ መቅደስ ግን የጉዞው እውነተኛ መጀመሪያ ነው። በ1694 ለአንድ ልዑል መኖሪያነት ተሠርቶ በ1744 የቲቤት ቡድሂዝም ገዳም ሆነ። በመጨረሻው አዳራሽ ከአንድ ግንድ ሰንደል የተቀረጸ፣ ከወለሉ በላይ 18 ሜትር የሚቆም የማይትሬያ (ወደፊት ይመጣል የሚባለው ቡድሃ) ምስል አለ፤ ግንዱን ለቺያንሎንግ ንጉሠ ነገሥት የላከው ሰባተኛው ዳላይ ላማ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው የ1792 የድንጋይ ጽሑፍ ደግሞ በአራት ቋንቋ፣ በማንቹ፣ በቻይንኛ፣ በሞንጎልኛና በቲቤትኛ ተቀርጿል። ቤጂንግና ላሳ ምን እንደሚያገናኛቸው፣ ማን ማንን በምን ያከብርና ይቆጣጠር እንደነበር የሚነበበው ከዚህ ድንጋይ ነው። አስጎብኚው ሳይቆም ካለፈው ላሳ ስትደርሱ ታሪኩን ከመሃል ትጀምራላችሁ።

ሺአን ላይ ስለ ሸክላ ሠራዊቱ አዲስ ነገር መናገር ያስቸግራል። ገበሬዎች በ1974 የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙት ነው። ቁጥር አንድ ጉድጓድ 230 ሜትር ይረዝማል፤ ሠራዊቱ የተሠራለት የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት መቃብር ራሱ ግን እስካሁን አልተከፈተም። ከነሐስ የተሠሩት ሁለቱ ሠረገላዎች መቃብሩ አጠገብ ወዳለ ሌላ ሙዚየም ስለተዛወሩ፣ መርሐ ግብሩ እዚያ የሚወስደውን መጓጓዣ መቁጠሩን አረጋግጡ። ለእኛ አንባቢ የበለጠ የሚስበው ከተማው ውስጥ ያለው የቤይሊን የድንጋይ ጽሑፎች ሙዚየም ይመስለናል። በ781 የተቀረጸና ክርስትና በ635 ቻይና መግባቱን በቻይንኛ የሚተርክ፣ የሱርስት ጽሑፍም ያለበት ሐውልት አለው። ያመጡት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ናቸው፤ በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘው የንስጥሮስ ስም ከእነሱ ጋር ይያያዛል። ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ በውግዘት የሰማ ሰው በዘንዶ በተቀረጸ የቻይና ድንጋይ ሥር ሲያገኘው ትንሽ ቆም ማለቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ በመርሐ ግብሩ ውስጥ የለም፤ ትንሽ ቡድን ግን ቀድሞ ከጠየቀ ያስገባዋል።

ከሺኒንግ ጀምሮ ወሳኙ ነገር ከፍታ ነው። ሺኒንግ 2,275 ሜትር ገደማ ናት፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ። ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለሚመጣ ሰው እዚያ ሁለት ሌሊት ማደር ትልቅ እገዛ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ሰውነቱ ከፍታውን ያውቀዋል፤ ላሳ ግን 3,650 ሜትር ስለሆነች «እኛ ደጋ ነን» ብሎ መዝናናት አያዋጣም። ደጋ ተወልዶ ዓመታት ቆላ የኖረም የድሮውን አቅም ይዞ አይቆይም። ከቼንግዱ ላሳ በአውሮፕላን የሚያስገባ ጉዞ በሁለት ሰዓት ከ3,000 ሜትር በላይ ያዘልላል፤ በእኛ ሚዛን ይህ ብቻውን መርሐ ግብሩን ለመጣል ይበቃል።

ከሺኒንግ ወጣ ብሎ የኩምቡም ገዳም አለ፤ ቻይናውያን ታኧር ይሉታል። ከቲቤት ቡድሂዝም ክንፎች አንዱ የሆነው የጌሉክ ትምህርት መሥራች ጾንግካፓ በ1357 የተወለደው እዚህ ነው፣ ላሳ ላይ የምታዩዋቸው ትልልቅ ገዳማትም የእሱ ወይም የደቀ መዛሙርቱ ሥራ ናቸው። የቅቤ ቅርጻ ቅርጾቹ የታወቁ ናቸው። መነኮሳቱ ቅቤው እንዳይቀልጥባቸው በብርድ ክፍል፣ እጃቸውን በበረዶ ውኃ እየነከሩ ይሠሩታል። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ቀጥሎ 1,956 ኪሎ ሜትሩንና 21 ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን የባቡር መንገድ እንይ። ሻጮች «ባቡሩ ቀስ በቀስ ያላምዳችኋል» ይላሉ፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ባቡሩ በአንድ ቀን የታንግላን የተራራ መተላለፊያ በ5,072 ሜትር ተሻግሮ ወደ ላሳ ይወርዳል፤ ሰውነት በ21 ሰዓት ከፍታ አይለምድም። ከጎልሙድ ከተማ በኋላ የፉርጎው አየር በኦክስጅን ይታገዛል እንጂ እንደ አውሮፕላን ግፊቱ አይስተካከልም። በእርግጥ የሚያላምዳችሁ ሺኒንግ ያደራችሁት ሌሊት ነው። ባቡሩን ለመልክዓ ምድሩ ምረጡት፤ ለዚያም ከሺኒንግ ማታ የሚነሣው ይሻላል፣ ደጋውን በቀን ብርሃን ያሳልፋችኋል። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ግን ጥሩ ጥሩውን ክፍል በጨለማ ያልፈዋል። ለስላሳው መኝታ በክፍል አራት፣ ጠንካራው ስድስት አልጋ አለው። ትኬት የሚሸጠው ከመነሻው 15 ቀን አስቀድሞ ስለሆነ ከስድስት ወር በፊት «አልጋችሁ ተይዟል» የሚል ድርጅት ተስፋ እንጂ ትኬት አልሸጠላችሁም። ለስላሳው ካልተገኘ ወደ ጠንካራው ያወርዳችኋል ወይስ ከሺኒንግ በአውሮፕላን ይወስዳችኋል፣ ልዩነቱስ ይመለሳል? ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ላሳ የመጀመሪያው ቀን ባዶ መሆን አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ በደረሳችሁ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይጀምራሉ። አሴታዞላማይድ (ብዙዎች ዳያሞክስ የሚሉት) 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ፤ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት በተለይ። ሽንት ያመላልሳልና ረጅም የመኪና መንገድ ያለበት ቀን አስቡበት። አረማመዱ የተንገዳገደ፣ የተምታታበት ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው ሰው በዕረፍት አይሻለውም፤ ወዲያው መውረድ አለበት። እዚህ ላይ አንድ የቡድን ጉዞ ድክመት አለ፦ የውጭ ዜጋ አስጎብኚ ሳይኖረው ቲቤት ውስጥ መንቀሳቀስ ስለማይችል፣ አንድ ሰው ሲታመም ያለው አንድ አስጎብኚ ከበሽተኛው ጋር ይሄዳል ወይስ ከቡድኑ ጋር ይቀራል? ሁለተኛ ሰው ማዘጋጀቱን ወይም አለማዘጋጀቱን የማይመልስ ድርጅት ጥያቄውን ከዚያ በፊት አስቦት አያውቅም።

የዳላይ ላማዎች ቤተ መንግሥት የነበረው ፖታላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሁን። ከግንቦት እስከ ጥቅምት መግቢያው 200 ዩዋን ነው፤ ሰዓቱ ትኬቱ ላይ ይጻፋል፣ ውስጥ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ የውኃ ጠርሙስና ላይተር ፍተሻ ላይ ይቀራሉ፣ ውስጡን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ስለዚህ ጎበዝ አስጎብኚ ማብራሪያውን ደረጃው ሥር ይጨርሰዋል። ነጩ ቤተ መንግሥት ከ1645 ጀምሮ በአምስተኛው ዳላይ ላማ ተሠራ። ቀዩ ያለቀው ግን እሱ በ1682 ከሞተ በኋላ ነው። እንደራሴው ሞቱን 15 ዓመት ገደማ ደብቆ ሥራውን አስፈጸመ። የአምስተኛው የመቃብር ስቱፓ (የቡድሂስቶች ቅዱስ ሐውልት) ከ3,700 ኪሎ በላይ ወርቅ ለብሷል። ስድስተኛው ዳላይ ላማ እዚያ መቃብር የለውም፤ ለምን እንደሌለው አስጎብኛችሁን ጠይቁት፣ የመልሱ ጥራት ቀሪዎቹ ቀናት ምን እንደሚመስሉ ይነግራችኋል።

ሌላው መፈተኛ የጆክሃንግ ቤተ መቅደስ ነው። ውስጡ ያለውን ጆዎ የተባለ የቡድሃ ምስል በ641 የታንግ ልዕልት ዌንቼንግ እንዳመጣችው ሁሉም ይናገራል። ቤተ መቅደሱ መጀመሪያ የታነፀው የኔፓሏ ልዕልት ብሪኩቲ ላመጣችው ምስል እንደሆነና ጆዎ ቀድሞ በሌላው የላሳ ቤተ መቅደስ በራሞቼ እንደነበር የሚናገር ትውፊት ሲዘለል ግን ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። ከፊት ለፊቱ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የቻይናና የቲቤት መንግሥታት የተዋዋሉበት የሁለት ቋንቋ ሐውልት ቆሟል። በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ያለውን የባርኮር መንገድ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ዙሩ፤ ከሰዉ ተቃራኒ የሚሄድ ቡድን የሚሰግዱትን ይረግጣል። በ1419 በተመሠረተው ሴራ ገዳም ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ (በእኛ አቆጣጠር) የሚጀምረው የመነኮሳት ሙግት በእሑድ አይካሄድም። ቆሞ እያጨበጨበ የሚጠይቀው፣ የተቀመጠው ይመልሳል። የቅኔ ጉባኤ ያየ ሰው ቋንቋውን ባይሰማም ጨዋታው አይጠፋበትም።

ለትንሽ ቡድን የተከፈለው ገንዘብ የሚመለሰው ጊያንትሴ ላይ ነው። በ1427 መሠራት የጀመረው የኩምቡም ስቱፓ (ከሺኒንጉ ገዳም ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው) ከ70 በላይ ትንንሽ የጸሎት ክፍሎች በፎቅ በፎቅ ተደራርበውበታል፤ ግድግዳዎቻቸው በኔፓል ሠዓሊዎች ስልት ተጽዕኖ ሥር በተሳሉ ሥዕሎች ተሸፍነዋል። ክፍሎቹ አራት አምስት ሰው ቢይዙ ነው፣ ብዙዎቹም ጨለማ ናቸው። አሥራ ስድስት ሰው በኮስትር ያመጣ ድርጅት ሦስት አራት ክፍል አሳይቶ ወደ ሰገነቱ ያስወጣል፤ ስድስት ሰው ያለው ግን ፎቅ በፎቅ እየዞረ ማየት ይችላል። ባትሪ ያዙ፣ ለእያንዳንዱ ፎቅ ሃያ ደቂቃ አስቡ፣ ለፎቶ የሚከፈል ስለሚኖር ዝርዝር ዩዋን ይኑራችሁ። ወደ ጊያንትሴ የሚወስደው የድሮ መንገድ በያምድሮክ ሐይቅ (4,440 ሜትር ገደማ) አልፎ የካሮ ላን የተራራ መተላለፊያ ከ5,000 ሜትር በላይ ይሻገራል፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ ከአራት መቶ ሜትር በላይ ይበልጣል። እዚያ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ይበቃል፣ ሩጫ የለም። በሺጋትሴ ያለው፣ በ1447 የተመሠረተው የታሺልሁንፖ ገዳም ለግማሽ ቀን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወደ ላሳ በባቡር መመለስ የአንድ ቀን መኪና ያስቀራል።

ምግቡ ለሐበሻ ከሚጠበቀው በላይ ቅርብ ነው። ጻምፓ ማለት የገብስ በሶ ነው፣ ያውም ከቅቤና ከጨው ሻይ ጋር የሚታሽ። ጾመኛ ግን ይጠንቀቅ፦ ቲቤት ውስጥ ሥጋ የሌለው ማለት ቅቤ የሌለው ማለት አይደለም። «ቹን ሱ» ብላችሁ ስትጠይቁ ሥጋም እንቁላልም የሌለበት ይመጣል፤ ቅቤውን ግን ለይታችሁ ንገሩ። ሀላል ለሚፈልግ ሺአንና ሺኒንግ የሁዪ ሙስሊሞች ቤቶች ሞልተዋል፣ ላሳም አይጠፉም።

የቲቤት ፈቃድ የሚወጣው በድርጅት በኩል ብቻ ነው። ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያኑ) አብዛኛውን ጊዜ ለውጭ ሰው ይዘጋል። በዚያ ወቅት ቀን የሚሸጥላችሁን አትመኑ። የዳላይ ላማን ፎቶ ወይም መጽሐፍ ይዛችሁ አትግቡ፣ ስለ ፖለቲካም አስጎብኚያችሁን በሰው ፊት አትጠይቁ፤ አደጋው በእናንተ ላይ ሳይሆን በእሱ ፈቃድ ላይ ነው የሚወድቀው። ዝምታውን እንደ አለማወቅ አትቁጠሩበት። ላሳ አቅራቢያ ያለው የጋንደን ገዳም በባህል አብዮቱ ዘመን ፈርሶ ኋላ እንደገና እንደተሠራ ማየት የሚችል ዓይን አስጎብኚ ሳይናገርም ያያል፤ አዲሱ እንጨትና አሮጌው ድንጋይ ይለያያሉ።

የመጨረሻው ወጥመድ ታንካ የተባለው በጨርቅ ላይ የሚሣል የቡድሂስቶች ሥዕል ሱቅ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም የወረደ ጉዞ በየቀኑ አንድ የሱቅ ማረፊያ ይኖረዋል፤ ኮሚሽኑ ከዚያ ይወጣል። በእጅ የተሣለውን ለመለየት በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ እዩ፦ የታተመው በነጠብጣብ ይበታተናል፣ የተሣለው የብሩሽ መስመር ያሳያል። አሮጌ ነው የተባለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከ1966 በፊት የተሠሩ የብሔረሰቦች ቅርሶች ከቻይና እንዳይወጡ ስለተከለከለ፣ ሻጩ እውነቱን ከሆነ ጉምሩክ ይይዘዋል፣ ካልሆነም አዲሱን በአሮጌ ዋጋ ገዝታችኋል።